ለጎረቤት የማይዋስ ዕቃ

የሰው ልጅ ግራ የገባው ፍጡር ነው። ጤና ጣቢያ ገብቶ አንዲት መርፌ ሊወጋ ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ነርሷን “እባክሽ ቀስ በይ” ይላል፤ ከቻለም “በኪኒን አይሆንም ወይ?” ብሎ ይደራደራል። ያው ሰው “ያምርብሃል” ካሉት ግን መርፌውን ራሱ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ፣ በገዛ ፊቱ ላይ ያንከባልለዋል። ይህን የምለው ሰው ልተች ብዬ አይደለም። ያንከባለልኩት እኔ ነኝ።

ዕቃው ደርማ ሮለር ይባላል። ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ እጀታው የጺም መላጫ ይመስላል። በምላጩ ቦታ ግን የምትሽከረከር ትንሽ በርሜል አለች፤ በርሜሏም ዙሪያዋን ዓይን በማይሞሉ መርፌዎች ተሸፍናለች። ፊት ላይ ስትንከባለል ቆዳውን ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። ቆዳው “ተጎዳሁ” ብሎ ራሱን መጠገን ይጀምራል፣ ሲጠግንም ያምራል ነው ነገሩ። መንገድ ቆፍሮ እንደገና አስፋልት እንደ ማልበስ ማለት ነው። በእኛ ከተማ በጅጅጋ የተቆፈረ ሁሉ ቶሎ እንደማይለብስ ስለማውቅ መጀመሪያ ትንሽ ፈርቼ ነበር።

ታዲያ ምን አስገባሽ ትሉኛላችሁ? ሠርግ ነዋ! የጎረቤቴ የኤዶ ሐሊማ ልጅ፣ ሆዳን የምትባለው፣ ልታገባ ነው። የእኛ ሰፈር ሠርግ ደግሞ ቪዲዮ አለው፤ ቪዲዮው ሀርጌሳ ይታያል፣ ዱባይ ይታያል፣ ለንደን ይታያል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ያፈረጥኩት ብጉር ሁሉ ጉንጬ ላይ ጉድጓዱን ትቶልኝ ሄዷል። ይህንን ጉንጭ ይዤ ለንደን ልግባ? ኤዶ ሐሊማ እንደሆነች ስንት ዘመን ሙሉ የምትቀባውን ቃሲል፣ ያንን አረንጓዴ የቅጠል ዱቄት፣ እየበጠበጠች ቀብታኛለች። ፊቴ ለሰለሰ፤ ጉድጓዱ ግን እሱም ለስልሶ እዚያው ቁጭ አለ። ስለዚህ ታይዋን ገበያ ሄድኩና ከድንበሯ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ ኬላውን ሁሉ አልፋ የገባችውን ሮለር ገዛሁ። በፕላስቲክ የታሸገች፣ መርፌዋም ለቤት የሚሆን አጭር ነበር።

እኔ እንግዲህ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ሳላነብ አልነካም። የምሳ ሰዓቴን ሁሉ ስልኬ ላይ አፍጥጬ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ እያነበብኩ ሲሄድ እየጸለይኩ፣ ሕጉን ሁሉ አጠናሁ። መሣሪያዋ ከመንከባለሏ በፊትም በኋላም አልኮል ውስጥ ትዘፈዘፋለች። ፊት በሳሙና ይታጠባል። ብጉር ያለበት ቦታ አይነካም። ቁም ነገሩ በስሱ ማሻሸት እንጂ ሊጥ እንደሚዳምጥ ሰው መጫን አይደለም፤ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎን። ያን ቀን ፀሐይ የለም፣ ሎሚ የለም፣ ሽቶ የለም፤ ቃሲልም ቢሆን ቆዳው እስኪሽር ይቆይ። ደግሞ በየቀኑ አይደረግም፤ ቆዳም እረፍት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ተቀበልኩ። መጨረሻ ላይ የተጻፈችው ሕግ ግን አናቴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ደም የነካ መርፌ በሽታ ስለሚያስተላልፍ መሣሪያዋ ለእህትም ቢሆን፣ ለእናትም ቢሆን በጭራሽ አትዋስም ትላለች።

ይህን የጻፈው ሰው የእኛን ሰፈር አያውቅም።

በእኔና በኤዶ ሐሊማ ግቢ መካከል አጥር አለ፤ አጥሩም በር አለው፤ በሩ ግን ተዘግቶ አያውቅም። ውኃ ሲጠፋ ከእሷ ሮቶ እቀዳለሁ። መብራት ከእሷ ሲሄድ እኔ ጋ ድራማዋን ታያለች። ስኳር፣ መጥረቢያ፣ ወንበር፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሕፃን ልጅ ሳይቀር በዚያ በር ይወጣል ይገባል። “ኤዶ” ብዬ እንደ አክስት አከብራታለሁ፣ “አንቺ” ብዬ ደግሞ እንደ እህት እቀርባታለሁ። እናቴ ስትሞት ሳምንቱን ሙሉ ከአጠገቤ ያልተነሳች እሷ ነች። እወዳታለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት “ይህቺን ነገር እስቲ ልሞክራት” ብትለኝ “ኤዶ፣ ደምሽ ከደሜ እንዳይነካካ” ልበላት? እንዲህ የተባለች ጎረቤት ነገ ጠዋት በሩን በሚስማር ብትመታው ይፈረድባታል?

የፈራሁት አልቀረም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፊቴን አንከባልዬ፣ ሮለሯን ብርጭቆ ውስጥ አልኮል ላይ ዘፍዝፌ ወጣ ብዬ ስመለስ፣ ኤዶ ሐሊማ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገብታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ሮለሯን ከብርጭቆው አውጥታ ወደ ብርሃን ይዛ ታገላብጣለች። “አባዮ፣ ይሄ ምንድነው?” አለችኝ፤ አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቴ የሠራው። በዚያ በር የማይሻገር አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የሥጋ ዕቃ። የእሷ ቢላ የእስላም ሥጋ ይቆርጣል፣ የእኔ ቢላ የክርስቲያን። ይህን ማንም ለማንም አይናገርም፤ ማንም አይቀየምበትም። እሷ ድስቴን አትጠይቀኝም፣ እኔ መክተፊያዋን አልጠይቃትም፤ ሰላም ነን። እናም ፊቴ ገና ቀልቶ እየነደደ ዓይኔን ሳላሽ “የሥጋ ዕቃ ነው ኤዶ። ሥጋ ይወጋል። ቅመሙ እንዲገባና እንዲለሰልስ” አልኳት።

ውሸት ሆኖ እንዲህ ያማረ አይቼ አላውቅም! ኤዶ ሐሊማ ሮለሯን ቀስ አድርጋ ወደ ብርጭቆው መለሰች። ውጪ ወጥታም እጇን ታጠበች። ስትመለስ ጉንጬን ትንሽ አየት አደረገችኝ፣ “ማሻአላህ፣ ፈረንጅ የማይሠራው የለም” አለችና ሻይ ጠጥታ ሄደች። እኔ በራሴ ተደንቄ አመሸሁ። ጎረቤቴንም ጤናዬንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያዳንኩ ሴት፣ ጸሐፊ ሆኜ መቅረቴ ለአገር ጉዳት መስሎ ታየኝ።

የረሳሁት ነገር ግን ነበር። በሠርግ ቀን የሥጋ ዕቃ ይሻገራል።

በእኛ ከተማ ሶማሌው ሲድር ክርስቲያን ጎረቤቱን ጾሙን አያሳድርም። ለእኛ ለብቻ በግ ይገዛል፣ በክርስቲያን እጅ ይታረዳል፣ ግቢው ጥግ ላይ “የክርስቲያን ድስት” ለብቻው ይጣዳል። የዚያ ድስት አዛዥ ማን እንደምትሆን መጠየቅም አያስፈልግም፤ እኔ ነኝ። በሠርጉ ዋዜማ ሽንኩርቴን እያቁላላሁ ሳለ ኤዶ ሐሊማ በሴቶች ተከብባ መጣች። ከሀርሺን የመጡ ዘመዶች አሉ፣ የሙሽራው አክስቶች አሉ፣ የሰፈሩ ሴት በሙሉ አለ። በኩራት ወደ እኔ እየጠቆመች ዘኒ፣ እኔ ማለት ነኝ፣ ከውጭ የመጣ የሥጋ ማለስለሻ እንዳላት፣ የእሷ ጎረቤት እንደ ሌላው ሰው ሥጋ ቀቅላ ብቻ እንደማታቀርብ አወጀች። ከዚያ ዞር ብላ “ሂጂ አምጪው አባዮ፤ ይዩት” አለችኝ።

ምን ልበል? “የፊቴ ነው” ብል፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ በልጇ ሠርግ ዋዜማ፣ ሐሊማን እንዳታለልኳትና ለምን እንዳታለልኳት መናገሬ ነው። ሠርጓን ላበላሽባት? በሩን ልዘጋው? ሄድኩ። አመጣሁ።

ሴቶቹ ዙሪያዬን ቆሙ። ከሀርሺን ከመጡት መካከል አንድ እናት፣ ዕድሜያቸውን ከከብትና ከግመል ጋር የኖሩ፣ ከሩቅ አጎንብሰው አዩና ይህቺ ነገር ለግመል ሥጋ እንደማትደርስ በሐሊማ አስተርጓሚነት ነገሩኝ። እኔም ለበግ ብቻ እንደሆነች አረጋገጥኩላቸው። ከዚያ አንድ ብልት ሥጋ አነሳሁና ማንከባለል ጀመርኩ። እጄ ለካ የለመደውን አይረሳም! ወደ ላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ሳልጫን በስሱ። ስብ ያለበት ቦታ ስደርስ እንደ ብጉር ዘልዬው አለፍኩ። አንዷ የሙሽራው አክስት፣ ሥጋን እንዲህ በፍቅር የምትይዝ ሴት አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

ያቺን ሥጋ ለውሻ ልሰጥ ለብቻ ሰሃን ላይ አስቀመጥኳት። መርፌ ተሰብሮባት እንደሆነ በርሜሏን ዓይኔ እስኪደክም መረመርኩ፤ ሁሉም አለ፣ ተመስገን። ቀና ስል ሰሃኑ ባዶ ነው። ልታግዘኝ የመጣች ደግ ሴት ወጡ ውስጥ ጨምራዋለች። ከዚያ ሁሉ ቁራጭ መሐል የትኛው እንደሆነ ማን ይለየው? በማግስቱ ሠርጉ ላይ የተጠሩት የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ሦስት ጊዜ አስጨምረው በሉና በሕይወታቸው እንዲህ የለሰለሰ ሥጋ ቀምሰው እንደማያውቁ መሰከሩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሮለሯን ጣልኳት። ጥሬ ሥጋ የነካ መርፌ ወደ ፊት አይመለስም፤ ይህ ሕግ ስልኬ ላይ አልተጻፈም፣ ጽፎ ሊያስጠነቅቅ ያሰበም ሰው ያለ አይመስለኝም። ቪዲዮውስ? ቪዲዮ አንሺው ያንን የሚያህል መብራት ፊታችን ላይ ለቆብን ሁላችንም እንደ ወረቀት ነጥተን ወጣን። ጉድጓድ የለ፣ ብጉር የለ፣ አፍንጫም ከነመኖሩ ያጠራጥራል። ለንደን ያሉ ዘመዶች የሐሊማ ጎረቤት ቆዳዋ ሲያምር ብለው ደወሉ አሉ።

ሠርጉ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ውኃ ልቀዳ ባሊዬን ይዤ በዚያው በር ገባሁ። ኤዶ ሐሊማ ሻይ አፍልታ በረንዳው ላይ፣ ጥላው ጥግ ድረስ ገብታ፣ ከፀሐይ ሸሽታ ተቀምጣለች። ጉንጯ ቀልቷል። ጠጋ ብዬ ሳይ ቀያይ ደቃቅ ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል፤ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎን። ክው ብዬ ቆምኩ።

“ኤዶ፣ ፊትሽን ምን ነካው?” አልኳት።

ዓይኗን እንኳን አላርገበገበችም። “ሥጋ ስሠራ ተፈናጠረብኝ” አለችኝ።

ልስቅ ነበር፤ ልቤ ግን ቀድሞ በደስታና በሐፍረት ሞላ። ለካ የዚያን ቅዳሜ ጉንጬን አየት ስታደርግ ሁሉም ገብቷታል፤ በሠርጉ ዋዜማም አውቃ ነው ያስመጣችኝ፤ አሁን ደግሞ የራሷን ገዝታለች! ሥጋ አንዳንዴ እንደሚፈናጠር አመንኩላት። አጠገቧ ቁጭ ብዬም፣ ሥጋ የተፈናጠረበት ሰው ሎሚ እንዳይቀባ፣ ቃሲሏንም ለጊዜው እንድትተው፣ የሥጋ ዕቃዋንም አልኮል ውስጥ መዘፍዘፍ እንዳትረሳ መከርኳት። እያንዳንዱን ቃል አንገቷን እየነቀነቀች በቁም ነገር ሰማችኝ። ደግሞ ለሌላ ሰው ስለ መስጠት አንድ ነገር ልበል ብዬ አፌን ስከፍት አቋረጠችኝና፣ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ከጉሮሮዬ ማውጣት ያቃተኝን ቃል፣ ሻዬን እየቀዳች በፈገግታ ጣል አደረገችው።

“አታስቢ አባዮ። ወላሂ ለማንም አላውስም፤ ለአንቺም ቢሆን።”