ጋሼ ስንተኛ

ሳይጠየቅ ለሰው ሁሉ ደረጃ የሚያወጣ አጎት የሌለው ቤተሰብ የለም። የዚህኛው ቤተሰብ ክቡር አጎት ከአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት የሠራተኛ ቅጥር ኃላፊነት በጡረታ የተገለሉ ሲሆን፣ በየዓመቱ የሚወጣውን የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ደረጃ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃላቸው ይዘውታል። ቢዝነስ ተማርኩ ላለ ሁሉ ጥያቄያቸው «ስንተኛው ነው?» ስለሆነ፣ ዘመድ አዝማዱ ከጀርባቸው «ጋሼ ስንተኛ» ይላቸዋል።

የጥርስ ሐኪማቸው ልጁ ቢዝነስ እንደሚማር ሲያጫውታቸው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ «ህንተኛው?» ብለዋል። ለቅሶ ሄደው ደግሞ ሟቹ የተመረቁበት ትምህርት ቤት ዘንድሮ አራት ደረጃ መውረዱን ለሐዘንተኛዋ ባለቤታቸው ነገሩና፣ ሁለተኛ መርዶ አርድተው ወጡ።

የእህታቸው ልጅ ይህን ስቃ ታልፈው የነበረው ተራው እሷ ላይ እስኪደርስ ነው። እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ገበያዋን እየወሰዱባት ነው። ልጅቷ ስፌት ቤቱ ሳይዘጋ ሥራ አመራር ልማር ብላ ሁለት ቦታ አመለከተች፤ ሁለቱም ተቀበሏት። አንዱ ስድስተኛ ነው። ሌላው ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለ፣ በየትኛውም ዝርዝር ስሙ ተነስቶ የማያውቅ። ልቧ ወደዚህኛው አደላ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ የኔ ልጅ» አሏት ጋሼ።

«እኔም እኮ ገና ከመቃብር በላይ ነኝ ጋሼ። የምማረው ለአሁን ነው።»

ብዙ ተከራከሩና ሁለቱንም አብረው ሊያዩ ተስማሙ።

ስድስተኛው ጋ ጋሼ የእብነ በረዱን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ደረጃው በምን እንደሚወጣ አስጎብኚዋን ጠየቁ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠቅሱት ኖረው መጠየቃቸው ገና ያን ቀን ነው። አንዱ መለኪያ ዝና እንደሆነ፣ ስለ ዝናው የሚጠየቁትም የሌሎች ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎች እንደሆኑ አስረዳቻቸው።

«እነሱ እዚህ መጥተው አይተዋል?»

«አይ፣ ግን ዝናውን ሰምተዋል።»

ጋሼ ሲወጡ የእብነ በረዱን ግድግዳ ዳግመኛ አልነኩትም።

ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ የቀድሞ የመጋዘን ኃላፊ የሆነችው መምህርት የአንዱን ተማሪ ዳቦ ቤት ጣጣ ሰሌዳ ላይ ጽፋለች፤ በየቀኑ የሚተርፈው ዳቦ ምን ይሁን? ጋሼ ከኋላ ወንበር እጃቸውን አውጥተው መፍትሔ ሰነዘሩ። መምህርቷ ተቃወመቻቸው፤ ባለ ዳቦ ቤቱ ደግሞ ሁለቱንም። ሲወጡ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል። መንገድ ላይ ግን ቀዝቀዝ አሉ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲቀጥሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለማንም እንዳላቀረቡ፣ ስንቱንም በትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ከበር እንደመለሱ ነገሯት።

በሳምንቱ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ልትመዘገብ ስትሄድ ጋሼን ወረፋው ላይ ከፊቷ ቆመው አገኘቻቸው።

የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲለጠፍ፣ ከአሥራ አራት ተማሪ እሷ ሁለተኛ፣ ጋሼ አሥራ ሦስተኛ። መነጽራቸውን አውልቀውም አጥልቀውም አዩት።

«ደረጃ ብቻውን ምን ይናገራል ብለሽ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እውነትዎን ነው» አለች። የፎቁን ደረጃ ሲወርዱ ግን ሆዷ ባባ፤ እኒያ ነዝናዛ አጎቷ ከእንግዲህ የሉም ማለት ነው ብላ። መሀል ላይ ሲደርሱ ጋሼ ቆም አሉ።

«ለመሆኑ አሥራ ሁለተኛው ማነው?»

ልጅቷ በሳቅ ፈርሳ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።