ሁለት የውሃ አባት በአንድ ቦይ

«ሲስተም የለም» ሲባል ያልሰማ ሰው በዚህ አገር ይኖራል ብዬ አላምንም። ከሥራ አስፈቅዳችሁ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፋችሁ፣ በስንት መከራ ተራችሁ ደርሶ መስኮቱን ስትጠጉ ሠራተኛዋ ቀና እንኳ ሳትል «ሲስተም የለም» ትላችኋለች። የት ሄደ? ማን ወሰደው? አይባልም። እናንተም አትጠይቁም፤ «እሺ፣ ነገ ልምጣ?» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ልብ ብላችሁ ከሆነ የዚህ አነጋገር ትልቁ ጥቅም ጥፋተኛ የሌለበት መሆኑ ነው። አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ያበላሸው ግን ማንም አይደለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ከመስኮቱ ወዲያ ካሉት ወገን ነኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። «ለሁለት ዓመት ብቻ» ተብዬ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የዝውውር ማመልከቻዬ በየዓመቱ ይገባል፣ በየዓመቱም መልሱ አንድ ነው። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ የሚል መምህር ካገኛችሁ አትመኑት፤ የተለመደው ሙቀቱ ሳይሆን ድካሙ ነው።

ከከተማው በታች፣ ወንዙ ሜዳ አግኝቶ ዘርጋ በሚልበት በኩል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ማኅበር አላቸው። ውሃው የሚመጣው በአንድ ቦይ ስለሆነ በተራ ነው የሚጠጣው፤ ተራውን የሚያስከብረው ሰው ደግሞ «የውሃ አባት» ይባላል። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ሥራ አይመስልም። ቦዩ አፍ ላይ ካለችው ግራር ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። አንዱ መጥቶ «ተራዬ ደርሷል» ሲለው ይነሣል፣ ይከፍትለታል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ሌላው መጥቶ «እገሌ ውሃዬን ጠለፈብኝ» ሲለው ይነሣል፣ ይዳኛል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። የመጣ ከሌለም እንደተቀመጠ ነው። እሱ ከሌለ ግን በሽንኩርቱ መሐል ዱላ ይነሣል።

ኮምፒውተር ውስጥም እንዲህ ያለ የውሃ አባት አለ። ስሙ ኢቨንት ሉፕ ነው። ተቀምጦ ይጠብቃል፤ መልእክት ሲመጣ ይነሣል፣ ለሚመለከተው ክፍል ያደርሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ይህን ጠባቂ እያንዳንዳችን ከባዶ ተነሥተን አንሠራውም፤ ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ሠርተው፣ ፈትነው፣ ለሁሉም ክፍት አድርገው ያስቀመጡት አለ። ላይብረሪ እንለዋለን። ፕሮግራማችሁ ሲነሣ ማሽኑ ላይ ይፈልገዋል። ካገኘው እሰየው፤ ካላገኘው እዚያው ወድቆ ይቀራል።

ለማኅበሩ ሲ በሚባለው ቋንቋ አንድ ፕሮግራም ጻፍኩ። ገበሬው በስልኩ «ተራዬ መቼ ነው?» ብሎ ይልካል፣ ፕሮግራሙ ይመልስለታል። አንድ ዓመት ሳይሞላ ግን መከራዬን አየሁ። የማኅበሩን ቢሮ አሮጌ ኮምፒውተር ቫይረስ በገባው ቁጥር አንድ ሰው መጥቶ ሁሉን ነገር ጠርጎ እንደ አዲስ ይጭነዋል፤ ላይብረሪው አብሮ ይጠረጋል። ከዚያ ስልኬ ይጮኻል፤ «መምህር፣ ሲስተም የለም!» በዚያ ሙቀት በባጃጅ እየተንገጫገጭኩ እወርዳለሁ፣ እጭናለሁ፣ እመለሳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና «መምህር፣ ሲስተም የለም!»

በመጨረሻ ታከተኝ። የላይብረሪውን ሶርስ ኮድ፣ ማለትም ሰዎቹ ራሳቸው የጻፉትን ጽሑፍ እንዳለ አምጥቼ፣ በፕሮግራሜ ሆድ ውስጥ ከተትኩት። ይህን ማድረግ የተፈቀደ ነው፤ ደራሲዎቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚደረግ ጽፈውታል። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ቢጠርጉት፣ ቢያራግፉት፣ የኔ ፕሮግራም ጠባቂውን ይዞ ስለሚዞር የማንንም ደጅ አይጠናም። ለሁለት ወር ስልኬ ዝም አለ። ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ በሕይወቴ አንድ ነገር የጨረስኩ መሰለኝ።

ይኸኔ ነው ነገሩን ማስፋት ያማረኝ። ይህን አገር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚህ ፀሐይ አናት እየበሳ ደጋው ላይ ጣርማ በር ይዘንባል፣ ከዚያ ደመና እንኳ ሳናይ ጎርፉ ይደርሳል። ስለዚህ በወንዙ ላይኛው ጫፍ የውሃ መለኪያ፣ ታችኛው ዳር ደግሞ የአምቡላንስ ድምፅ ያለው ሳይረን አስተከልን። ውሃው ላይ ሲነሣ ታች ይጮኻል። የሳይረኑን ክፍል የጻፈችው ሰብለ ናት፤ ባለፈው ዓመት የተመደበች ጎበዝ መምህርት። እኔም እንደ ታላቅ ወንድም መከርኳት፤ «በሰው ማሽን እንዳትተማመኚ፤ የሚያስፈልግሽን ሁሉ ይዘሽ ግቢ» አልኳት። ልጅቷ የተመከረችውን ሰማች።

ጋሼ ይመርን ላስተዋውቃችሁ። ስድሳን ዘለግ ያሉ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ በዘመናቸው የውሃ አባት የነበሩ ሰው ናቸው። ማሳቸው ከቦዩ ከፍ ስለሚል ውሃ የሚያወጡት ከወንዙ ዳር በፓምፕ ነው። ያለቻቸው ያቺው አንዲት ፓምፕ ናት። ክረምት ሲቃረብ ጎርፍ ፈርተው ጠዋት ይዘዋት ይወርዳሉ፣ ማታ ይዘዋት ይወጣሉ፤ ምሳ ለመብላት እንኳ ሲሄዱ ጎትተው ከፍ ያለ ቦታ ያደርጓታል። እያቃሰቱ ሲጎትቱ አንድ ቀን አገኘኋቸው።

«ጋሼ ይመር፣ ወገብዎን አይጨርሱ። እዚያው ይተዉዋት። ውሃው ገና ላይ ሲነሣ ሳይረኑ ይነግርዎታል» አልኳቸው።

ሳይረኑ የተሰቀለበትን እንጨት ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «አንተ ካልክ ይሁን» አሉ።

ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ «ሳይረኑ ካለ» አላሉም።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ የክፍሉ ቆርቆሮ ሲንቋቋ፣ ተማሪዎቹም እኔም አየር አጥሮን ስናለከልክ ስልኬ ጮኸ። «መምህር፣ ጎርፍ ገብቷል!»

«ሳይረኑስ?»

«ምን ሳይረን?»

ስደርስ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ግንድ እያንከባለለ ነው። ጋሼ ይመር ሶላታቸውን ሰግደው ሲወርዱ ነው ነገሩን ያዩት። ዳሩ ላይ ቆመው ከፓምፗ የተረፈውን የጎማ ቱቦ ጫፍ በእጃቸው ይዘዋል። ፓምፗ የለችም። ሳይረኑ እንጨቱ ላይ ቁጭ ብሎ እኛን ያየናል። አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። «ልደርስባት ሁለት እርምጃ ነበር የቀረኝ» ብቻ አሉ።

ቢሮ ገባሁ። ፕሮግራሙ ሕያው ነው፤ የገበሬዎችን ተራ እያስተናገደ ነው። የላይኛው መለኪያም ውሃው መነሣቱን በጊዜው ልኳል። ታዲያ ምን ሆነ? ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኝ ሳገኘው ወንበሩ ላይ መቆየት አልቻልኩም። እኔ የላይብረሪውን ኮድ በፋይሌ ውስጥ ከትቻለሁ። ሰብለም ምክሬን ሰምታ በፋይሏ ውስጥ ከትታለች። ሁለታችንም «ይህ ለዚህ ፋይል ብቻ ይሁን» የምትል አንዲት መስመር ስለጻፍን ማሽኑ ስም ተደገመብኝ ብሎ አላጉረመረመም። በአንድ ቤት ሁለት ጠባቂ ገባ ማለት ነው። ሥራችንን ስናጋጥም ሰብለ ጠባቂዋን ለማስነሣት ጽፋው የነበረውን የ«ሥራ ጀምር» ትእዛዝ አየሁትና «ይሄማ እኔ ጋ አለ፤ ለምን ይደገማል?» ብዬ አጠፋሁት። ሳይረኑ የተመዘገበው የእሷ ጠባቂ ዘንድ ነበር። የኔው ተቀምጦ ተራ ያድላል። የእሷን ግን ተነሥ ያለው የለም። ሁለቱን ለየብቻ ፈትነናቸው ሠርተው ነበር፤ አንድ ላይ የፈተንነው ግን ተራውን ብቻ ነው። ጎርፉን በሌላ ቀን እናየዋለን አልኩ፤ ደክሞኝ ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ይመር ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ያው የለመድኩት ነው። «ጋሼ ይመር፣ ትናንት ሲስተሙ...» ብዬ ቆምኩ። የቱ ሲስተም? ድሮ ቢሆን ላይብረሪው ጠፋ፣ ማሽኑን ጠረጉት፣ ቫይረስ ነው እል ነበር። አሁን ሁሉን ነገር በገዛ እጄ ሰብስቤ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከውጪ የሚከሰስ አልተረፈም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። እንደምንም ብዬ የሆነውን አስረዳኋቸው። ኮምፒውተር በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ ከተማሪዎቼ ቀድመው ገባቸው።

«ሁለት የውሃ አባት ሾማችሁ?»

«አዎ።»

«ገበሬው የሚሄደው ወደ ያንተው።»

«አዎ።»

«የጎርፉ ወሬ ወደ ልጅቷ ሹም።»

«አዎ።»

«እሱን ቦታህን ያዝ ያለው የለም?»

«እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

ፊታቸውን ወደ መሬት ደፉ። ከዚያ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ እየሳቁ ነው። «ወላሂ እኛም አንድ ጊዜ ሠርተናታል። የላይ ሰፈር አንድ፣ የታች ሰፈር አንድ መረጥን። አንደኛው ሰውዬ ወር ሙሉ ግራር ሥር ተቀምጦ ውሎ ይገባል፤ የሚያናግረው ሰው አጥቶ ተቀይሞን ከሰፈር ሄደ።»

ፓምፗ በሦስተኛው ቀን ታች ቁጥቋጦ ውስጥ ደለል ጠጥታ ተገኘች። ጀውሃ ከተማ ያለ መካኒክ ፈታትቶ አጠባት። አሁን ትሠራለች፤ ከሥራ በፊት ግን ታስላለች። እኔና ሰብለም ሁለተኛውን ጠባቂ አውጥተን ሁሉን ነገር ለአንዱ አስመዘገብን። ባልዲ ውሃ ተሸክመን ላይ ድረስ ወጥተን መለኪያውን ነክረን ፈተንነው። ጮኸ። ወደ ጋሼ ይመር ሮጬ፣ ይኸው ተስተካክሏል፣ ፓምፗን እዚያው መተው ይችላሉ አልኳቸው።

«ሰማሁት፣ ጥሩ ይጮኻል» አሉ። «አንተ ያን ዕቃ ከውጪ ሲጠበቅ እየጠፋ ቢያስቸግርህ ውስጥ ከተትኩት አላልከኝም? እኔም እንዲያው ነው የማደርግ። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና፣ በአንዱ በኩል ትይዝልኛለህ።»

የቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ፣ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወንዝ ወርጄ የፓምፗን አንድ እጀታ ይዣለሁ። ከባድ ናት። እሳቸው በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ ዳገቱን ሦስት ጊዜ አርፈን እንወጣለን።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ሁለተኛው ማረፊያችን ላይ ቆመን ላብ ስንጠርግ፣ ሳይረኑ ጮኸ። የእውነት ጎርፍ ነው፤ ከታች ገበሬው ዕቃውን ለማንሣት ሲሯሯጥ ይታያል። ዘጠኝ ዓመት እዚህ አገር ስኖር እንደዚያን ቀን የኮራሁበት የለም። ምን ይሉ ይሆን ብዬ ወደ ጋሼ ይመር ዞርኩ። ጆሯቸውን ጣል አድርገው እስኪጨርስ ሰሙት።

«ሠራ» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በግራ በኩል ያለውን እጀታ ያዙ። «በል አንሣ።»