ጣልያኖች ያሳዩን የሚያስቅ ፊልም

አለቃው ሳይስቅ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በጣልያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ እንዲህ ያለ አስተርጓሚ አውቅ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጣልያኖቹ ገበያው ሜዳ ላይ ሸራ ወጥረው ፊልም አሳዩን። አንድ ጡንቸኛ ብቻውን መንደር ሙሉ ሰው ይዘርርና ጭቃ ውስጥ ይወድቃል። ጣልያኖቹ በሳቅ ሲንከተከቱ እኛ ዝም።

«ሳቁ እንጂ! ያስቃል ተብሏል!» ብሎ አስተርጓሚው ጮኸብን።

ማን ይስቃል? ከጎኔ የተቀመጡ፣ ከይጁቤ የመጡ ሽማግሌ ግን፣

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጀግና ካላቸው ጫካ የገቡትን እንዲይዝላቸው ለምን አይልኩትም?» ብለው ጠየቁት።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የጣልያኖቹ መኮንን ተቆጥቶ፣ «ምን አሉ?» አለ። የሽማግሌው ነፍስ በአስተርጓሚው ምላስ ላይ ተንጠለጠለች። አስተርጓሚው በላብ ተጠመቀ።

«ጌታዬ፣ ፊልሙ ገና አሁን ገባቸው» አለ።

መኮንኑ ደስ ብሎት ፊልሙ ከመጀመሪያው እንዲደገም አዘዘ።