ቄጠማ ማጨድ ክልክል ነው

ሰው ኮሚቴ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ታውቃላችሁ? እኔ የገባሁት አርፍጄ ነው። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ነበር። እኔ ደግሞ የሙሽራ ሱሪ እጄ ላይ ነበር፤ ሙሽራ ያለ ሱሪ አይዳር ነገር! ጨርሼ ስደርስ አራት ተኩል ሆኗል። በሩን ስከፍት ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝና አጨበጨበ። ምን አድርጌ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ በሌለሁበት የፍኖተ ሰላም የአረንጓዴ ቦታ ጥበቃ ኮሚቴ ጸሐፊ አድርገው መርጠውኛል። ኧረ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ! ስለ አረንጓዴ የማውቀው ክሩን ነው ብል ማን ይስማኝ። ጽሕፈትህ ያምራል አሉኝ። ጽሕፈቴማ ያምራል፤ እሱን አልክድም።

ሊቀ መንበራችን ጋሽ ደመላሽ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ጡረታ ወጡ ይባላል እንጂ ዛሬም ሦስት ሰው ቆሞ ካዩ ሰልፍ ያሠሩታል። እሳቸው የከተማውን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ከገበያው በታች ያለውን ረግረግ በጣታቸው አሳዩን። በካርታው ላይ አረንጓዴ ነው። መናፈሻ ይሆናል ተብሎ የተያዘ ቦታ ነው። ታዲያ በአንድ በኩል መኪና ይታጠብበታል፣ በሌላ በኩል አንዱ አፈር እየደፋ ለሱቅ ያደላድለዋል፣ የተረፈው ቆሻሻ ይጣልበታል። ይህን እንታደግ፣ የልጆቻችን መናፈሻ ነው አሉ። ወላሂ ልቤ ተነካ።

ከማን እንጀምር? መኪና አጣቢው የአንዱ አባላችን የእህት ልጅ ነው። አፈር የሚደፋው ሰውዬ ደግሞ ቁጡ ነው፤ ማንም ሊያናግረው አልፈለገም። ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አይሆንም፣ ከቀላሉ እንጀምር ተባለ። ቀላሏ እትዬ ስንዱ ሆነው ተገኙ።

እትዬ ስንዱ ቄጠማ ሻጭ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማጭዳቸውን ይዘው ከዚያ ረግረግ ያጭዳሉ፣ ለገበያ ያቀርባሉ። ሦስት ልጅ ያሳደጉት በዚያ ነው፤ የመጨረሻዋ ቡሬ ሙያ ትማራለች። በከተማችን የተዳረ፣ ያስጠመቀ፣ ማኅበር ያወጣ ሁሉ የእሳቸውን ቄጠማ ጎዝጉዟል። የእኔም ቤት ዒድ ያለ እሳቸው ቄጠማ ሆኖ አያውቅም። ታዲያ ማጨድ ክልክል ነው የሚለውን ውሳኔ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጡ። ሰይዴ፣ እኔኮ የማጭደው ከላይ ከላዩን ነው፣ ካልታጨደማ ያረጃል፣ ይበሰብሳል አሉኝ። አፈር የሚደፋውን ትታችሁ በእኔ መጣችሁ? ልጄን በምን ላስተምር? ምን ልበላቸው? ጥናት አለ አልኳቸው። ምንም ጥናት አልነበረም። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ሰሌዳው ተተከለ። በትልቁ «ቄጠማ ማጨድ ክልክል ነው» ይላል። ከዚያ ጋሽ ደመላሽ ይመረቅ አሉ። ከላይ እንግዳ ይመጣል። ቁጭ ብለን ዝግጅቱን ዘረዘርን፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ሞንታርቦ፣ ለስላሳ፣ ቄጠማ...

እኔ ቄጠማ ብዬ ጽፌ ቀና ስል ሁሉም እስክሪብቶዬን ያያል።

ከየት ይምጣ? ጊዜው በጋ ነው። ወደ ማንኩሳ ባጃጅ ላክን፤ የጥድ ቅርንጫፍ ጭኖ ተመለሰ። ቡሬ ለአንድ ወዳጄ ደወልኩ፤ ሳቀብኝ። እኛ ራሳችን የምንገዛው ከእናንተዋ ከእትዬ ስንዱ አይደል እንዴ አለኝ። ታዲያ ይቅራ፣ ያለ ቄጠማ ይመረቅ የሚል አንድ አባል ተገኘ። ጋሽ ደመላሽ ጮኹበት። እንግዳ በደረቅ አፈር ላይ ሊቀመጥ? በጎጃም? 

ሄድን፣ ምን እናድርግ። እትዬ ስንዱ ደጃቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነው። ጋሽ ደመላሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለአንድ ቀን ብቻ፣ ትንሽ፣ ከዳር ከዳሩ ቢያጭዱልን አሉ። እትዬ ስንዱ ምስሩን አልተዉም። ክልክል ነው አሉ። ሰሌዳው ላይ አለ፣ ልጄ አንብባልኛለች፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሕግ አልጥስም። ስንት ለመንናቸው! በመጨረሻ፣ እኔው ብቻ ካጨድኩ እሺ፣ ሌላ ሰው ከገባ ከነሥሩ ይነቅለዋል አሉ። ምን ያህል ነው የምትፈልጉት? ድንኳኑን የሚሞላ አልናቸው። ድንኳኑ የሠርግ ድንኳን መሆኑን ማናችንም አላሰብንም።

በምረቃው ቀን እንግዳው ድንኳን ሲገቡ ቆም አሉ። እንዴት ያለ ቄጠማ ነው፣ ሽታው! አሉ። ደስ አለን። ጋሽ ደመላሽ ስለ ረግረግ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረጉ። ተጨበጨበ። ከዚያ እንግዳው ተነሡና፣ በሉ አሁን የጠበቃችሁትን ረግረግ አሳዩን አሉ።

ወጣን። ረግረጉ ተላጭቷል። ከዳር እስከ ዳር! የቀረው ሰሌዳው ብቻ ነው። እንግዳው ሰሌዳውን አነበቡ። ረግረጉን አዩ። ወደ ጫማቸው ጎንበስ ብለው የተጣበቀባቸውን ቄጠማ አነሡና እሱንም አዩ። እኔ እስክሪብቶዬን እመረምር ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ከሰዉ መሀል እትዬ ስንዱ ወጡ። አይስጉ ጌታዬ አሉ፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ጸጉሩን ተስተካክሎ ነው፤ ሥሩ አለ፣ በሁለት ሳምንት ከነበረው በልጦ ይወጣል። እንግዳው ሳቁ። እኚህ ማን ናቸው አሉ። የስንት ተማሪ ውሸት ሲይዙ የኖሩት ጋሽ ደመላሽ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ፣ የኮሚቴያችን አባል ናቸው፣ የቄጠማ ባለሙያችን አሉ። እንግዳው እጃቸውን ጨበጡ። ፎቶ ከእሳቸው ጋር ተነሡ፤ ከእኛ ጋር አልተነሡም።

ከዚህ በኋላ በምን አፍ አባል አይደሉም ይባላል? ሰኞ ስብሰባ ስንገባ እትዬ ስንዱ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ማጨዱም ለእሳቸው ብቻ ተፈቀደ። እኔ ከልቤ ደስ ብሎኝ ጻፍኩት፤ ዕዳዬን የከፈልኩ መሰለኝ። ከዚያ እሳቸው አንድ ጥያቄ አለኝ አሉ። ለመሆኑ የምንጠብቀው ረግረግ እስከ የት ነው?  ካርታው ተዘረጋ፤ አረንጓዴው ቀለም ዳር ዳሩን ደብዝዟል። ተዉት፣ በማጭዴ አውቀዋለሁ፣ ተከተሉኝ አሉ።

ችካል ይዘን ተከተልናቸው። አንዱን መኪና ማጠቢያው መሀል አስተከሉ። የእህት ልጅ የተባለው ባልዲውን አንሥቶ ዞር አለ። ሌላውን የአፈሩ ክምር ላይ። ያ ቁጡ ሰውዬ ወጣ፤ ማጭዳቸውን አየና ተመልሶ ገባ። ኩራት ኩራት እያለኝ እመዘግባለሁ። ከዚያ እትዬ ስንዱ ወደ ሱቄ ጀርባ ታጠፉ። ከሱቁ ኋላ በቆርቆሮ የቀጠልኳት አንዲት ጓዳ አለችኝ፤ ጨርቅ አስቀምጥባታለሁ፣ እተኩስባታለሁ። ገቡ። በመተኮሻ ጠረጴዛዬና በበሩ መካከል ቆሙና፣ ድሮ እዚህ ድረስ አጭድ ነበር፣ ጎረቤት ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት አሉ። ወደ ጋሽ ደመላሽ ዞርኩ፤ ያድኑኝ እንደሆነ። ጻፍ አሉኝ። ጻፍኩ። የዚያን ቀን ጽሕፈቴ አላማረም።

ቆርቆሮውን ያነሣሁት በገዛ እጄ ነው። ክረምቱ አለፈ። በቅርቡ የልጄ ኒካህ ደረሰና በገበያ ቀን ቄጠማ ልገዛ እትዬ ስንዱ ዘንድ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ለምለም ቄጠማ አይቼ አላውቅም፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ ጠሉ ያልደረቀ። ማሻአላህ፣ ይህን ደግሞ ከየት አገኙት አልኳቸው።

ከጓዳህ አሉኝ። ዋጋውንም አልቀነሱልኝም።