የእስያዋ እፉኝት በለቅሶ ቤት

ዩቱብ ያስተማረው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ደክሞኛልም።

ጓደኛዬ ግርማ እሁድ ከሰዓት በመኪናው ለቅሶ ወሰደኝ። የሥራ ባልደረባችን አባት ሞተው ነው። ደብል ሺፍት ሠርቼ ስለነበር መንገዱን ለሱ ትቼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ እስክንደርስ እንቅልፌን ለጠጥኩ።

ገና "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለን ከመቀመጣችን ግርማ ዩቱብ ላይ ስላያት አንዲት የእስያ እፉኝት ማውራት ጀመረ። አረንጓዴ ናት፤ የጅራቷ ጫፍ ቀይ፣ ጭንቅላቷ ሦስት ማዕዘን ነው። ንፍሮ የዘገኑ እጆች አየር ላይ ቀሩ።

"በዓይኗና በአፍንጫዋ መሀል ጉድጓድ አላት" አለ፣ የራሱን አፍንጫ እየነካ። "በሱ የገላ ሙቀት ታያለች። ድቅድቅ ጨለማ ቢሆን እንኳ የፈለገችውን አትስትም!"

ሐዘንተኛን ከዚህ በላይ ምን ያጽናናል?

ጥቁር የለበሱት እናት ቀና አሉ። "ልጄ፣ ለመሆኑ ሟቿን እህቴን ከየት ታውቃታለህ?"

ግርማ ስልኩን አወጣ። በዚያ ሳምንት ሁለት የለቅሶ ቴክስት ደርሶት ኖሮ የተከተለው የሌላኛውን አድራሻ ነው። የኛ ለቅሶ ሌላ ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ ነበር።

እፉኝቷ በጨለማ አትስትም። እኛ በጠራራ ፀሐይ፣ በጂፒኤስ ተመርተን ሳትን።

ይቅርታ ጠይቀን ወጣን። አሌክሳንድሪያ ሩቅ ነው፤ ስለ መርዟ ደግሞ ገና አልነገረኝም።