የተክል ቁጥር ሦስት ጉዳይ

[የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። በግድግዳው ልክ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ፤ ውስጡ ተክል፣ ድንጋይ፣ አሸዋና ሁለት ቢጫ ዓሦች። ገንዳውን ያስዋበው ባለሙያ፣ የክሊኒኩ ባለቤት የሆነችው ዶክተር የአክስት ልጅ ነው፤ ይህንንም ላልጠየቀው ሁሉ ይናገራል። አሁን ጥበቃው ላይ አፍጥጧል። ጥበቃው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ወፍራም መዝገብ ብብቱ ሥር ይዟል።]

ባለሙያው፦ እጅህን ዘርጋ ብዬሃለሁ!

ጥበቃው፦ ለምን ጌታዬ?

ባለሙያው፦ እርጥብ መሆኑን ለማየት ነዋ!

ጥበቃው፦ እርጥብ ነው።

ባለሙያው፦ ይኸው! ያዝኩህ! በራስህ አፍ አመንክ!

ጥበቃው፦ ምሳ በልቼ ታጥቤ ነው የመጣሁት። ሳልታጠብ ልምጣ?

ባለሙያው፦ ደሜን አታፍላው! ትናንት አሥራ ሁለት ተክል በገዛ እጄ ተክዬ ሄድኩ። ረጃጅሙ ከኋላ፣ አጫጭሩ ከፊት፣ ትልቁ ድንጋይ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ። አሁን እየው እስቲ! መሃሉ ተመንጥሮ ሜዳ ሆኗል፤ ተክሉ ሁሉ ጥግ ለጥግ ተኮልኩሏል። ማን ነቀለው?

ጥበቃው፦ አባወራው።

ባለሙያው፦ የማን አባወራ?

ጥበቃው፦ [በአገጩ ወደ ገንዳው እየጠቆመ] የዚህ ቤት። ግንባሩ ወጣ ያለው። እማወራዋም አግዛዋለች።

ባለሙያው፦ አበስኩ ገበርኩ! ዓሣ ነው ተክል የነቀለው የምትለኝ?

ጥበቃው፦ እኔ አልልም፤ መዝገቡ ነው የሚለው። [ይገልጣል] «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ተክል ቁጥር ሦስት በአባወራው አፍ ተይዞ ወደ ቀኝ ጥግ ወጣ። መውጫ ወረቀት አልያዘም። ሁኔታው፦ ከነሥሩ የተነቀለ።»

ባለሙያው፦ ለተክሎቹ ቁጥር ሰጥተሃቸዋል?

ጥበቃው፦ ታዲያ ቁጥር የሌለው ንብረት እንዴት ይጠበቃል? ከዚህ ክሊኒክ መርፌም ብትወጣ፣ ወንበርም ቢወጣ፣ ስሙና ሁኔታው ይጻፋል። ዓሣ ነው ብዬ ልለፈው?

ባለሙያው፦ ወይ ጉድ! ይህን ጭንቅላት ተሸክሞ እኮ አስፋልት ይሻገራል! ስማ አንተ ሰውዬ፤ እነዚህ ዓሦች ሲክሊድ ይባላሉ። ሲ-ክ-ሊድ! በል እስቲ።

ጥበቃው፦ ምን ያደርግልኛል? ብጠራቸው አይመጡ።

ባለሙያው፦ በዚህ ሙያ ሦስት መጽሐፍ ጨርሻለሁ! ሦስት!

ጥበቃው፦ ይቆፍራሉ የሚል የለበትም?

ባለሙያው፦ ስለ ዓሣ የሚያወራውን ምዕራፍ ዘልዬዋለሁ። እኔ አስዋቢ ነኝ እንጂ ዓሣ አጥማጅ ነኝ? ዓሣ ማለት ጌጥ ነው፤ ካስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል።

ጥበቃው፦ ይህን ለነሱ ነግረዋቸዋል?

ባለሙያው፦ ጭራሽ ይቀልዳል! ዛሬ እኮ ዶክተር የአዲሱን ቅርንጫፍ ገንዳ ለማን እንደምትሰጥ የምትቆርጥበት ቀን ነው። ይህን የሚያህል ገንዳ! [እጁን ሲዘረጋ የወንበር መደገፊያ ይመታል፤ ሕመሙን ይውጣል።] ስድስት ወር እሱን ብዬ ሌላ ሥራ አልያዝኩም። ጠዋት በዚህ ስታልፍ ደግሞ ያንተን ጉድ አይታለች። እኔ ከወደቅሁ ብቻዬን አልወድቅም። ዛሬውኑ ከዚህ በር ትባረራለህ!

ጥበቃው፦ ምነው ጌታዬ! ዘጠኝ ዓመት የቆምኩበት በር ነው፤ ልጆቼን ያሳደግሁበት። በዓሣ ጥፋት ሰው ይባረራል?

ባለሙያው፦ [አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ] ቆይ፣ ቆይ። ይህ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ የተረጨው ነጠብጣብ ምንድን ነው? ሻገተ! አሻገትከው! አሁኑኑ መፋቅ አለበት! [እጅጌውን ይሰበስባል።]

ጥበቃው፦ ተዉ ጌታዬ፣ እንቁላል ነው! አሸዋውን የጠረጉት ለዚህ ነው። ልጅ ሊያሳድጉ ቤት እያሰናዱ ነው።

ባለሙያው፦ እንቁላልና ሻጋታ የማልለይ መሰለህ? ገለል በል!

[እጁን ይከታል። ወዲያው ጮኾ ያወጣል። ውሃው ሸሚዙን ያበሰብሰዋል።]

ባለሙያው፦ ነከሰኝ! ይህ ከንቱ ነከሰኝ!

ጥበቃው፦ [እየጻፈ] «ሰባት ሰዓት ከአሥር። ባለሙያው እንቁላሉን ሻጋታ ነው ብሎ፣ ያለ ፈቃድ ሊፍቅ ሲገባ በአባወራው ተነክሶ ተመለሰ።» እሱስ ለጥበቃነት ከኔም ይሻላል።

ባለሙያው፦ ጻፍ! መጻፍ ከወደድክ አሁን እኔ የምልህን ጻፍ! ስንብትህን በገዛ እጅህ ትጽፋታለህ! «ይህን ገንዳ በዚህ መልክ ያደራጀው ጥበቃ...»

ጥበቃው፦ ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ አልጽፍም። መዝገብ ነው። «ማንም ይሁን ማን» ልበል?

ባለሙያው፦ በል! ያው አንተው ነህ! «...ማንም ይሁን ማን፣ ዓይን የሌለው፣ ከውሃ አጠገብ ሊደርስ የማይገባው ደንቆሮ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ክሊኒክ ይውጣ።»

ጥበቃው፦ «...ደንቆሮ... ነው... ይውጣ።» ይፈርሙ።

ባለሙያው፦ በደስታ! [ገጹን ሊቀድ እስኪደርስ ይፈርማል። ስልኩ ይጮኻል።] ዶክተር ናት! ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ስትባረር በጆሮህ ስማ። አቤት ዶክተር!

ዶክተሯ፦ [በስልክ] ገንዳውን ማን ነው እንደዚያ ያደረገው?

ባለሙያው፦ ዶክተርዬ፣ በጣም አዝናለሁ፤ ጥፋተኛውን ደርሼበታለሁ...

ዶክተሯ፦ የምን ጥፋተኛ? እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም! ያ ሦስት ቀጠሮ ሙሉ ክሊኒኩን በጩኸት የናጠው ልጅ የለም? ዛሬ ዓሦቹ እንቁላላቸውን ሲጠብቁ እያየ ግማሽ ሰዓት ዝም አለ። ከዚያ ራሱ ገብቶ አፉን ከፈተልኝ።

[ባለሙያው ከረባቱን ያስተካክላል።]

ባለሙያው፦ እኔ ነኝ ዶክተር! በገዛ እጄ!

ጥበቃው፦ [ሰዓቱን አይቶ ይጽፋል።]

ዶክተሯ፦ መሃሉን ባዶ መተውህ ደግሞ!

ባለሙያው፦ ሆነ ብዬ ነው! ለእንቁላሉ ብዬ ነው የጠረግሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ሻጋታ መስሎት ይፍቀው ነበር!

ጥበቃው፦ ሻጋታ ያሉት ግን...

ባለሙያው፦ [ጥርሱን ነክሶ] ዝም በል!

ዶክተሯ፦ በቃ፣ አዲሱ ገንዳ ያንተ ነው። ውሉ ላይ የምጽፈው ስለሆነ የሠራህበትን ቀንና ሰዓት እፈልጋለሁ። ጋሼ እዚያ አሉ? እስቲ ከመዝገቡ ያንብቡልኝ።

[ባለሙያው ስልኩን በመዳፉ ይከድናል። ፊቱ አመድ መስሏል።]

ባለሙያው፦ [በሹክሹክታ] ጋሼ... ጋሼዬ... እርስዎ መቼም አባት ነዎት...

ጥበቃው፦ እርስዎ? [እየጻፈ] «ሰባት ሰዓት ከሃያ። ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ተባልኩ።»

ባለሙያው፦ በሞቴ፣ አንዷን ገጽ ይዝለሏት!

ጥበቃው፦ ምዕራፍ መዝለል የርስዎ ሙያ ነው ጌታዬ። እኔ አልተማርኩም።

ዶክተሯ፦ ጋሼ? ይሰማል?

ጥበቃው፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ተክል ቁጥር ሦስት በአባወራው ዓሣ አፍ ተይዞ ወደ ቀኝ ጥግ ወጣ። ሁለት ከሠላሳ። እማወራዋ አሸዋ ጠረገች። ሰባት ከአሥር። ባለሙያው እንቁላሉን ሻጋታ ነው ብሎ፣ ያለ ፈቃድ ሊፍቅ ሲገባ በአባወራው ተነክሶ ተመለሰ። ሰባት ከአሥራ ሁለት። ይህን ገንዳ በዚህ መልክ ያደራጀው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዓይን የሌለው፣ ከውሃ አጠገብ ሊደርስ የማይገባው ደንቆሮ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ክሊኒክ ይውጣ። ባለሙያው ፈርሟል። ሰባት ከአሥራ ስድስት። ባለሙያው፣ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ነው አለ።»

[ከስልኩ የታፈነ ሳቅ ይሰማል።]

ዶክተሯ፦ ጋሼ፣ ፊርማው የሱ ነው?

ጥበቃው፦ ገጹን በስቶት አልፏል።

ዶክተሯ፦ እንግዲያው ራሱ የፈረደው ይፈጸም። አዲሱ ገንዳ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ አስገቡ፤ ከዓሦቹ ልጆች ሁለቱን እንወስዳለን፤ የቀረውን እነሱ ያውቁበታል። መዝገቡን እርስዎ ይይዙልኛል። [ስልኩ ይዘጋል።]

[ባለሙያው እርጥብ ሸሚዙን እየጎተተ ወደ በሩ ያመራል። ጥበቃው ቀድሞት በሩ ላይ ይቆማል።]

ባለሙያው፦ ደግሞ ምን ቀረህ?

ጥበቃው፦ መውጫ ወረቀት። [መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሳይቸኩል] «ሰባት ሰዓት ከሃያ ስምንት። ወጪ፦ አንድ ባለሙያ። ሁኔታው፦ ከነሥሩ የተነቀለ።»