እርስዎ ይቅደሙ

ቡሬ ውስጥ ሁለት ጨዋዎች ሠርግ ቤት በር ላይ ከተገናኙ ወጡ ይቀዘቅዛል እንጂ ማን ቀድሞ ይገባል? ይህ ወጋችን ሰማይ መድረሱን ያወቅሁት በትንሽ አውሮፕላን ከአብራሪው ጎን ተቀምጬ ነው። ማኮብኮቢያው አንድ፤ ሌላም አውሮፕላን ሊያርፍ መጥቷል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ የእኛው በሬዲዮ፤ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነዋ!

«ኧረ በሞቴ! አንተ ሰው ጭነሃል» አሉ የደምበጫው አዛውንት አብራሪ።

«ታላቄን ቀድሜ? አላደርገውም!»

ሲግደረደሩ ነዳጃችን ሊሟጠጥ ደረሰ። በመጨረሻ ሁለቱም እሺ ብለው እኩል መውረድ ጀመሩ።

«አንዳችሁ ወደ ላይ ተመለሱ!» ብላ የበረራ ተቆጣጣሪዋ በሬዲዮ ጮኸች።

ሁለቱም ተመለሱ። ጨዋ አይደሉ?

«አንተ ባለሰው፣ ውረድ!» ብላ ያተረፈችን እሷው ናት፤ ይሉኝታ ያልፈጠረባት፣ ትባረክ።

መሬት ስንነካ አብራሪው በሩን ከፍቶ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለኝ።

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልግደረደር ቀደምሁ።